ሁለት ጁምዓ እስኪያልፍ

«አንዲት ቃል ናት» አላት አባቷ። «ረሳሁት ትያለሽ፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅሽ የለም።»

ዓፊያና አባቷ ሙሐመድ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ናቸው። አዲሱ ወፍጮ ከነብረት መቆሚያው ወደ ግድግዳው አዘንብሏል። አራቱን እግሮች ከወለሉ ጋር ከያዙት ረጃጅም ብሎኖች ሁለቱ ሲሚንቶውን ፈረካክሰው ተነቅለዋል። እናቷ ወለሉን ደጋግማ አጥባዋለች፤ የማሽላ ዱቄትና የአጎቷ ደም አንድ ላይ የተጋገሩበት ቦታ ግን አሁንም ጥቁር ነው።

«ልጅ ነሽ» አለ ሙሐመድ፣ ዓይኑን ከወፍጮው ላይ ሳያነሣ። «ልጅ ይረሳል። በልጅ ላይ የፈረደ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«እኔ ግን አልረሳሁም እኮ፣ አባ።»

«አውቃለሁ።»

ያናደዳት ይህ ነው። ቢጮህባት፣ «ውሸታም፣ መቼ ነገርሽኝ» ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ያውቃል። እያወቀም እንደ ተራ ነገር፣ ሱቅ ሄደሽ ጨው ግዢ እንደሚላት ሁሉ ውሸት ያዛታል።

«እስቲ አስቢው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኑርሁሴን ስሙ ይነጻለታል። እኔም በሰው ፊት አላፍርም። አጎትሽ ዩሱፍም ቂም የሚይዝበት ሰው አይኖርም። ሦስት ሰው ባንዲት ቃል ይድናል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ አልኩሽ!» አለና ወጣ።

ኑርሁሴን የወፍጮ ተካይ ነው፤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ባሉ መንደሮች ወፍጮ የሚገዛ ሁሉ እሱን ይጠራል። የዓፊያ የልብ ጓደኛ የፋጡሜ አባትም ነው። ሥራውን ሲሠራ አፉ አያርፍም። ይህን ወፍጮ ሊተክል የመጣ ቅዳሜ፣ ገና ከበሩ ሳይገባ የቤቱን ወለል በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

«ሙሐመድ፣ ይሄ ወለል ነው ወይስ ቂጣ? ወፍጮ እዚህ ላይ ላስር? በማግሥቱ ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብቱ ጋር ሲግጥ ታገኘዋለህ!»

ወለሉን አስቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ ብረት አሰረ፤ የወፍጮውን መቆሚያ በድንጋይ ደግፎ ውሃ ልኩን አስተካከለ፤ ጫፋቸው እንደ ከዘራ የታጠፈ አራት ብሎኖች በእግሮቹ ቀዳዳ አንጠልጥሎ ዙሪያቸውን አርማታ ሞላው። ዓፊያ ውሃ እያቀበለች ታየው ነበር።

«ወፍጮ ሲዞር ባለበት መዞር አይወድም» አላት። «መሄድ ይፈልጋል፤ ልክ እንደ በሬ። የሚይዘው ደግሞ ብሎኑ ብቻ አይደለም፤ ብሎኑን የያዘው አርማታ ነው።»

ሥራው ሲያልቅ አባቷ ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ለመጪው ጁምዓ፣ ለወፍጮው ምርቃት ዱዓ ሰው እየጠራ ነው። ዱዓውን የቀጠረው ከሲሚንቶው በፊት ነው፤ ሲሚንቶው በስንት መከራ ተገኝቶ ዘግይቶ ሲመጣ ቀጠሮው ግን አልተላለፈም። ኑርሁሴንን የሚጠብቀው የሰንበቴ ሚኒባስ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ኑርሁሴንም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ዓፊያ ዞረ።

«ኢንታላ ኮ፣ ስሚኝማ ልጄ። ይሄን ጆንያ አልብሼዋለሁ። ጧት ማታ ውሃ አጠጪው፣ እንዳይደርቅ። እንዲህ ባለ ፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ላዩ ድንጋይ መስሎ ውስጡ ዱቄት ይሆናል። የብሎኖቹን ዳዶ በጄ ብቻ ነው ያስያዝኩት፤ ማንም እንዳያጠብቀው። ሁለት ጁምዓ ይለፈው። ከሁለተኛው ጁምዓ በኋላ ያጥብቀውና ያስነሣው። ለአባትሽ ንገሪው።»

«እሺ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ሁለት ጁምዓ እስኪያልፍ ዳዶው አይነካም። ጆንያው አይደርቅም።»

«ጎበዝ!» ብሎ እየሮጠ ሚኒባሱ ላይ ተሳፈረ።

የዚያኑ ዕለት ማታ፣ አባቷ እራት ሲበላ ነገረችው። «እሺ» አለ፤ እየጎረሰ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆንያው ጥግ ተጥሎ አገኘችው። አባቷ በትልቁ መፍቻ እጀታ ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ፣ ደረቱን እያስደገፈ ዳዶውን ያጠብቃል። አንድ ቦታ ላይ ሲሚንቶው ቀጭ ብሎ ሲሰነጠቅ በጆሮዋ ሰምታለች።

«አባ፣ ጋሽ ኑርሁሴን ሁለት ጁምዓ ብሏል እኮ!»

«ነገ ጁምዓ አይደለም እንዴ?»

«እሱ አንዱ ነው።»

መፍቻውን አቆመና ላቡን ጠረገ። «ሼሁ ተጠርተዋል። በጉ ታስሯል። ሰው ከገጠር ሳይቀር ይመጣል። ወፍጮዬ አልደረቀም ብዬ እንግዳ ልመልስ? ሰው ምን ይለኛል? አላህ ይጠብቃል፤ ሂጂ ቤት።»

እሷም ሄደች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሼህ አቡበከር ዱዓ አደረጉ፤ ሰው «አሚን» አለ፤ ወፍጮው ተነሣ። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አባቷ በዱቄት ነጭ ሆኖ ሳቀ። ዓፊያም ሳቀች፤ አልዋሸችም፣ ደስ ብሏት ነበር። እንግዲህ ኑርሁሴን አጋኖት ይሆናል አለች በልቧ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ በምርቃቱ ቀን ላስፈጭ፣ በረከት ነው እያለ ማሽላውንና በቆሎውን ማምጣት ጀመረ። አባቷ እምቢ ማለት አልቻለበትም። ወፍጮው እስከ አሥር ሰዓት ያለ እረፍት ዞረ።

አሥር ሰዓት ላይ መራመድ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ቀጥሎ አንደኛው እግሩ ከፍ ዝቅ ማለት ያዘ። ወፍጮውን የሚያሠራው የእናቷ ታናሽ ወንድም ዩሱፍ ነበር። «አጥፉት! አጥፉት!» እያለ መቆሚያውን ሊደግፍ ዘለለ። ብሎኖቹ ተነቀሉ፤ ወፍጮው ዘመመ፤ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የተዘረጋው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እጁን ጠለፈው። ዩሱፍን ደሴ ወሰዱት። ሲመለስ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት የለውም።

በአደጋው ማግሥት ሙሐመድ ገበያ መሐል ቆሞ፣ «ኑርሁሴን ውሃ የበዛበት ሲሚንቶ ሞልቶልኝ ሄደ» አለ። ኑርሁሴን በፊናው፣ «ሁለት ጁምዓ ይቆይ ብያለሁ፤ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ» ብሎ ተቆጣ። «ለኔ ነግሮኛል? ወላሂ አልነገረኝም!» አለ ሙሐመድ። ይህ መሐላ እውነት ነው፤ ኑርሁሴን ለእሱ አልነገረውም። ዓፊያ ይህን ከሰማች በኋላ እራት አልበላ አላት። አባቷ እውነት እየተናገረ መዋሸት እንደሚችል አታውቅም ነበር።

ሰው ግን ከባለወፍጮው ይልቅ ተካዩን መጠርጠር ቀለለው። ሰንበቴ ላይ ኑርሁሴን ሊተክለው የነበረውን ወፍጮ ለሌላ ሰው ሰጡበት። ፋጡሜም ክፍል ውስጥ ከዓፊያ አጠገብ ተነሥታ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ዓፊያ ዞር ባለች ቁጥር ፋጡሜ መስኮቱን ታያለች።

ሽማግሌዎች ለእርቅ ሊቀመጡ አንድ ቀን ሲቀር ፋጡሜ በእረፍት ሰዓት ራሷ መጣች። ፈገግ ብላለች፤ ግማሽ ብስኩት ዘረጋችላት።

«ሰማሁ» አለች። «ነገ ትናገሪያለሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«እንደረሳሽው ነዋ! አባትሽ ሰው ልኮብን ነበር።»

ዓፊያ ብስኩቱን አልተቀበለችም። «ፋጡሜ፣ አልረሳሁትም። ሁለቴ ነግሬዋለሁ።»

«አቦ ችክ አትበይ፣ ዓፊ! አባቴ ቤት ከዋለ ሳምንት አለፈው። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይውላል። ያ አፉ የማያርፈው ሰውዬ አሁን አያወራም። አንቺን ማን ምን ያደርግሻል? በሳምንቱ ይረሱታል።»

«አንቺ ብትሆኚ ትዪው ነበር?»

«ለአባቴ? አሳምሬ።»

«ላንቺ አባት አይደለም፤ ለኔ አባት ነው የምዋሸው።»

ፋጡሜ ብስኩቱን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው።

«አባትሽ እውነቱን ያውቃል?» አለች ዓፊያ። «እንዳልረሳሁት ያውቃል?»

ፋጡሜ ጫማዋን አየች። «ይጠረጥራል። "ሁለት ቤት ከሚፈርስ አንዲት ልጅ ብትወቀስ ይሻላል" ብሏል።»

ደወሉ ተደወለ። ዓፊያ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቢያንስ ኑርሁሴን ከእሷ ጋር ነው ብላ ነበር። አሁን ማንም ከእሷ ጋር የለም። የሚገርመው ሁሉም ይወዷታል፤ ሁሉም «አይዞሽ» ይሏታል።

በማግሥቱ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ በወፍጮ ቤቱ ግቢ፣ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። መሐል ላይ ወፍጮውን የመረቁት ሼህ አቡበከር አሉ፤ በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ አበጋር ናቸው። በቀኛቸው የእህል ነጋዴው አቶ ዋለ ተቀምጠዋል፤ ከሚሴ ውስጥ እርቅ ሲኖር እስላም ክርስቲያን ሳይባል የሚጠሩ ሰው ናቸው። ኑርሁሴንና ሙሐመድ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ግን አይተያዩም። ዩሱፍ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። እናቷ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቆማለች።

ዓፊያ ስትጠራ ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ ያለቀ መሆኑ ገባት። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል፤ ተነጋግረዋል፤ ተስማምተዋል። የቀረችው የእሷ ቃል ብቻ ናት።

«ጥፋቱ የአዋቂም ነው» አሉ አቶ ዋለ፣ ወደ ኑርሁሴን እያዩ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ይህን የሚያህል መልእክት ለልጅ ሰጥቶ መሄድ ነበረብህ?»

«አጥፍቻለሁ» አለ ኑርሁሴን፤ ቶሎ ብሎ፣ የተጠና መልስ በሚመስል ድምፅ።

ዩሱፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ከልጅ ጋር ምን አለኝ?» አለ። «በእጄ ነው ያሳደግኋት። የአላህ ውሳኔ ነው። አፉ ብያታለሁ፤ ይቅር ብያታለሁ።»

«ማሻአላህ!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች። ሼህ አቡበከር ፊታቸው በራ።

«ነይ ልጄ» አሏት። «የአጎትሽን ጉልበት ሳሚና ቃልሽን ስጪ። ከዚያ ዱዓ አድርገን እንለያያለን።»

ዓፊያ ወደ ዩሱፍ ሄደች። ፊቱ ስትንበረከክ ዩሱፍ በልማዱ ቀኝ እጁን አንሥቶ ራሷን ሊዳብስ ቃጣው። ፋሻውን አየና መልሶ አወረደው። በግራ እጁ ዳበሳት።

«አይዞሽ» አለ። «ማንም ይረሳል።»

ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ብላ ነበር። ሳትስመው ቀረች። እንባዋ መጣ፤ እንባው ግን የጸጸት አልነበረም፤ የንዴት ነበር። ያላጠፋችውን ይቅር ሲሏት አመስግና እንድትቀበል ነው የሚጠብቁት። ከዛሬ ጀምሮ ዩሱፍ ይህን እጁን ባየ ቁጥር እሷን ያስባል። ይቅር ብሏት፣ ግን እሷን።

«አጎቴ፣ አፉ አትበለኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አፉ የሚያስብል ነገር አላደረግሁም። ጋሽ ኑርሁሴን ነግሮኛል። እኔም አልረሳሁም፤ ለአባ ነግሬዋለሁ። ሁለቴ ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ዳዶውን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ ነግሬዋለሁ።»

የዩሱፍ ግራ እጅ ራሷ ላይ እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ግን ወደ አባቷ ዞሯል።

«ሙሐመድ» አሉ ሼህ አቡበከር። «ልጅህ የምትለውን ትሰማለህ?»

ሙሐመድ አልካደም። ዓፊያ ይክዳል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልካደም። ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ አጠገቧ ሲደርስ ቆም ሳይል አልፏት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ፤ ለዱዓ ሊዘረጋ የነበረው እጅ ሁሉ ታጠፈ። ኑርሁሴን በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አላት። «አሁን እኔና አባትሽ በምን ዓይን እንተያያለን?»

ቆይቶ ሽማግሌዎቹ በየቤቱ እየዞሩ እንደምንም አስታረቋቸው። ሙሐመድ በዩሱፍ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ ዩሱፍም አነሣው፤ ግን እጁ ሳይድን ዕቃውን ሰብስቦ ሰንበቴ ወደሚኖሩት ዘመዶቹ ሄደ። እናቷ አስፋልት ድረስ ሸኝታው ስትመለስ ለዓፊያ ራት አቀረበችላት። ጥሩ አደረግሽም አላለቻትም፤ መጥፎም አላለቻትም። ፋጡሜ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ስለ ሒሳብ ፈተና ያወራሉ፤ ስለ አባቶቻቸው አያወሩም።

ኑርሁሴን መጥቶ የተሰነጠቀውን አርማታ አስቆፍሮ አዲስ ሞላ። በዚህኛው ጊዜ ሲሠራ አልቀለደም። ሁለት ጁምዓ የሚለውን ለሙሐመድ ራሱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነገረው። ጆንያውን ማጠጣት ግን ማንም ሳያዛት የዓፊያ ሥራ ሆነ። አባቷ አያናግራትም። ማሽላ የተሸከሙ ሴቶች ደጅ መጥተው «ወፍጮው መቼ ነው?» ሲሉት፣ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? እሷን ጠይቋት! የዚህ ቤት አዋቂ እሷ ናት።»

ሴቶቹ ወደ እሷ ይዞራሉ። «ገና አልደረቀም» ትላቸዋለች፤ አንገቷን ደፍታ። እነሱም እያጉረመረሙ ይሄዳሉ። በየቀኑ የሚመጡት በዙ፤ የአባቷም ድምፅ በየቀኑ ሻከረ።

የመጀመሪያው ጁምዓ ሊገባ ሲል፣ ሐሙስ ጧት፣ ዓፊያ ዩኒፎርሟን ለብሳ ጆንያውን ልታጠጣ ወፍጮ ቤት ገባች። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው፤ አልጠበቁም። ጆንያውም በቦታው አለ። ትልቁ መፍቻ ግን ከዕቃ ሳጥኑ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ የቧንቧው ቁራጭ አጠገቡ ነው። ምናልባት ኑርሁሴን ረስቶት ይሆናል። ምናልባት አባቷ ለሌላ ሥራ ፈልጎት ይሆናል።

ጆንያውን ከዳር እስከ ዳር አራሰችው። ከዚያ የደብተር ቦርሳዋን ከፈተች፤ መፍቻውን በሹራቧ ጠቅልላ ከደብተሮቿ መሐል ከተተችው። ዚፑ አልዘጋ ብሎ አስቸገራት። ግቢው በር ላይ አባቷ ተቀምጦ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ» አለችው።

አልመለሰላትም። እሷም ቦርሳዋ ትከሻዋን እየቆረጣት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።